ካቴና

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የጡረታ ለታ፣
ከኮርቻው ኋላ ጠፍሬ ፖስታ፣
ወደ ላይኛው መንደር ስነዳ ብስክሌት፣
የቶአደር በረት ጋ ይጠብቀኛል ሞት።

ሞት ነጭ ነው፤ ጠጉራም፤ ጥጃ ያህላል ቁመቱ፤
ካርፓቲያ ተራራ ነው የትውልድ ርስቱ።
ስሙ ኡርሱ ነው፤ ድብ ማለት ነው በኛ፤
ለድብ ተቀጥሮ ያባርራል ፖስተኛ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያች መታጠፊያ፣
ከፕሪም ዛፎች ሥር፣ ከበጎች ማደሪያ፣
መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎም ጥርሱ፣
ቁርጭምጭሚቴን የሚያሞቅ እስትንፋሱ።

«ግመሉም ይሄዳል፣ ውሻውም ይጮሃል»
ያለ ሰው ብልህ ነው፤ ግን አንድ ነገር ስቷል፤
ግመል ፔዳል የለው፣ ካልሲም አይለብስ፤
እኔ ስንቱን ጥንድ ጨረስኩ በዚህ ውሻ ጥርስ!

ምክር በየደጁ፤ ምክር ምን ያስከፍላል?
ዶሪን ባለ መሸታው «ርግጫ ይበቃል» ይላል፤
(እሱ ብስክሌቱን ከሸጠ ሰንብቷል።)
ስማራንዳ ከፋርማሲ፣ ቁስሌን አጥባ ጠቅልላ፣
የሚረጭ በርበሬ ሸጠችኝ አባብላ፤
ረጨሁት አንድ ቀን፤ ነፋሱ ተጣሞ
የኔው ዓይን ነደደ፤ እሱ ነከሰኝ ደግሞ።
ቄሱም «ጸልዪ» አሉኝ፤ ጸለይኩኝ በእምነት፤
መንገዱ ግን ዳገት፣
አሜን ላይ ሳልደርስ እሱ ደረሰበት።
ዳቦ ጣልኩለትም። ዳቦውን ዋጠና
ያልበላ ይመስል አሳደደኝ እንደገና።

እውነቱን ለመናገር፣ ውለታም አለው።
ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ደካማ፤
ግን በዚያች መቶ ሜትር፣ ኮቴውን ስሰማ፣
አይቀድመኝም ነበር ሻምፒዮን ከከተማ።

ታዲያ በጥቅምት፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
እየረገጥኩ ፔዳል፣ ልቤ ሲንደፋደፍ፣
ቀጭ!
ካቴናው ወለቀ። እግሬ ባዶ ዞረ።
ብስክሌቱ ዘመመ፤ ቆመ፤ ተገተረ።
ዓይኔን ጨፈንኩ።
ጠበቅኩ።
ምንም።

ስገልጥ፣ ኡርሱ፣ ሁለት ክንድ ቢርቀኝ፣
አንገቱን ሰበር አርጎ፣ ግራ ገብቶት አየኝ፤
የት ሄደ እንደማለት፣ ያ የሚሽከረከር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚሸሸኝ ነገር?
ጎማውን አሸተተ። ካልሲዬንም። (ያውቀዋል።)
አዛግቶ ተቀመጠ። ጠላት ወዴት ይገኛል?

ለካ እሱ የሚጠላው እኔን አልነበረም፤
ሽሽቴን ነው። ይኼን ቄሱም አላሉም።
በግራሶ እጄ ካቴናውን ስመልስ
እንደ ጋራዥ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ ሳይተነፍስ።

ከዚያ ወዲህ መታጠፊያው ጋ ስደርስ እወርዳለሁ፤
ብስክሌቱን መሃል አርጌ፣ ስሙን እየጠራሁ፣
አርባ እርምጃ በእግሬ።
እሱም አርባ፣ ከጎኔ።
ጥዱ ግንድ ጋ ሲደርስ ይመለሳል ወደ በጎቹ፤
ስንብት አያውቁም ውሾቹ።

ሐምሌ ላይ እንግዶች መጡ፤ ጎማቸው እንደ ክር ቀጭን፣
ልብሳቸው የበቀቀን።
ዶሪን ቤት ውሃ ጠጥተው መንገዱን ሲጠይቁኝ
በጣቴ አሳየሁ፤ ቋንቋቸው ቸገረኝ።
ቋንቋ ብቻ አይደለም። ወጣቶች ናቸው፣ ያመልጣሉ አልኩ።
ስለ ቆመ ጎማ አልነገርኳቸው፤ ዝም አልኩ።

አንደኛው ወደቀ፤ ማጅራቱ ሥር አጥንት ተሰበረ።
ክስ መጣ፤ ፖሊስ መጣ። ቶአደር ተማረረ፣
ከከተማ ብረት ገዛ፤
ኡርሱን ከፕሪሙ ግንድ አሰረ።

ዛሬም መታጠፊያው ጋ ልማዴ ነው እወርዳለሁ።
ብረት ሲጎተት በሣሩ እሰማለሁ፤
ይመጣል፣ ይመጣል፣
ቀጭ!
የኔው ካቴና ወልቆ ነበር የታረቅነው።

ቶአደር ከበረቱ «ንጂ እንጂ ዛምፊራ!
አሁን ምን ያስፈራል፣ ታስሯል፣ አትፍሪ!» ይለኛል።
አልነዳም። እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤
ሰባቱን ከሱ ጋር፣
ሠላሳ ሦስቱን ብቻዬን።